ሦስተኛውን «እንዴት ነህ?» ለማያውቁት አሠልጣኝ

ለክቡር ሄር ኮልብ
የኮርሞራን ተማሪዎች የአሜሪካን ፉትቦል ክለብ ዋና አሠልጣኝ
ፍራንክፈርት አም ማይን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ እንደምን ናቸው? ልጆችዎስ? ባለፈው ጨዋታ «ቶሎ! ቶሎ!» ሲሉ የተዘጋው ጉሮሮዎ ተከፈተልዎ? እኔ ለጠያቂ ሁሉ እንደምለው እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ሰላምታ አንብበው እስኪጨርሱ ቡድንዎ ሁለት ጊዜ ኳስ አስጀምሮ እንደሚጨርስ አውቃለሁ፤ ይቅርታዎን እየለመንኩ ግን አላሳጥረውም። ለምን እንደማላሳጥረው ወደ ታች እደርስበታለሁ።

ስሜ የሺወርቅ ሰይፈ ገብርኤል ይባላል። ኖርድቬስትሽታት የምኖር ጡረተኛ ነኝ፤ ከዚህም በላይ እርስዎ «ሃይ» እያሉ የሚጠሩት የሀይለየሱስ እናት ነኝ። ስሙን ያወጡለት አያቱ ሙሉውን ለመጥራት ጊዜ የነበራቸው ሰው ነበሩ፤ እርስዎ ጊዜ ስለሌለዎት ኢየሱስ ያለበትን ግማሽ ስለጣሉልኝ አመሰግናለሁ። በአማርኛ የምጽፍልዎም ጀርመንኛዬ የተማረው ለቢሮና ለሐኪም ቤት እንጂ ለቁጣ ስላልሆነ ነው፤ በጀርመንኛ ልቆጣ ስጀምር ሁልጊዜ «ይቅርታ» በሚለው ቃል እጀምራለሁ። ልጄ ዊንታ ትተረጉምልዎታለች። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል ብላኛለች።

ይህን በማኅበራችን ጋዜጣ ለሚያነቡ ወገኖቼ አንድ ነገር ላስረዳ። ነገሩ እግር ኳስ አይደለም፤ የራስ ቁር የደፉ ጎረምሶች የእንቁላል ቅርጽ ያለው ኳስ ይዘው የሚጋጩበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ጥቂት ይሮጣሉ፣ ኳስ የያዘው ሲወድቅ ይቆማሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። በመካከሉ የአንድ ቡድን ልጆች ክብ ሠርተው፣ ራስ ለራስ ገጥመው፣ ቀጥሎ ስለሚያደርጉት ይነጋገራሉ። በሌላ ቡድን ማለቴ ነው። በእርስዎ ቡድን መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

አቤቱታዎቼ እነሆ።

አንደኛ፦ ስለ ፍጥነትዎ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሄር ቫይላንድም ፈጣን ነበሩ፤ ይህን ሳልመሰክር ማለፍ ሐሜት ይሆንብኛል። እሳቸውም እንደ እርስዎ ተጫዋቾቻቸውን ከሜዳው ጠርዝ እስከ ጠርዝ ይበትኑ ነበር። ፎቅ በላያችን የሚኖሩት ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በወጣትነታቸው አሜሪካ ሲማሩ በኮሌጆቹ ፉትቦል የተለከፉና እስካሁንም ያልዳኑ ሰው፣ ብልኃቱን አስረድተውኛል። አጥቂው ሲበተን ተከላካዩም አብሮ ይበተናል፤ መሃሉ ይሳሳል። ሄር ቫይላንድ በሳሳው መሃል ኳሱን አስይዘው ያስሮጡ ነበር። እርስዎ ግን ልጆቹ መሃሉን እያቋረጡ፣ ከላይ የሚወረወርላቸውን ኳስ እንዲቀልቡ ያዛሉ። ለመቅለብ ዓይኑን ወደ ሰማይ ያነሣ ልጅ ከጎኑ የሚመጣበትን አያይም። ከሚያቋርጡት አንዱ የእኔ ነው።

ፍጥነቱንም ቢሆን ሄር ቫይላንድ እንደ ሚጥሚጣ ነበር የሚይዙት። ቆንጠር አድርገው ይጨምሩና ተጋጣሚው ሲደናገጥላቸው ልጆቹን ወደ ክባቸው ይመልሷቸዋል። እርስዎ ሚጥሚጣውን ራሱን ወጥ አደረጉት። በአሜሪካ ኮሌጆችም ሁለቱም ዓይነት አሠልጣኝ አለ፣ ሁለቱም ያሸንፋል ይላሉ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ፤ ሲናገሩት ደግሞ የእርስዎን ወገን እንደሚወዱ ፊታቸው ይናገርባቸዋል። እኔ ማሸነፉን አልጠላሁም። የናፈቀኝ ክቡ ነው። በክቡ ውስጥ ልጆቹ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ የአንዱ ዓይን ከፈዘዘ ሌላው ያያል። የእንቁላሏን ተረት ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር፤ ኋላ እርስዎ እስክትፈለፈል ምን አስጠበቃት ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

ሁለተኛ፦ አለመቀየርዎን በተመለከተ። አጥቂው ቡድን ተጫዋች ከቀየረ ዳኛው ለተከላካዩም የመቀየሪያ ጊዜ ይሰጣል አሉ። ስለዚህ ተከላካዩ እንደደከመ እንዲቀርለት የሚሻ አሠልጣኝ የራሱንም ልጆች አያስወጣም። የሰውን ልጅ ትንፋሽ ለማሳጠር የራስን ልጅ ትንፋሽ ማሳጠር፤ እንዲህ ያለውን ጥበብ ለማድነቅ ከእኔ የተሻለ ትምህርት ያስፈልጋል።

ያለፈው ቅዳሜ ከኦስትሃፈን መጋዘኖች ጀርባ ባለው ሜዳችሁ ተገኝቼ ነበር። ሀይለየሱስ መሃሉን ሲያቋርጥ ተመታ። የራስ ቁሩ ሲጋጭ የተሰማው ድምፅ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። ተነሣ። ሰዉ አጨበጨበ፤ እርስዎም አጨበጨቡ። ቀጥሎ የሆነውን እርስዎ አላዩትም፤ አልወቅስዎትም፤ የሚቀጥለውን ምልክት እያሰጡ ነበርና። እርስዎ ዘንድ ልጆቹ ስለማይሰበሰቡ፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ለማወቅ ወደ ሜዳው ዳር ዞረው የረዳቶችዎን እጅ ያያሉ። ሁሉም ወደ እርስዎ ዞሩ። የእኔ ልጅ ወደ ማዶ፣ ወደ ተጋጣሚው አሠልጣኝ ዞሮ ቆመ። የማያውቀውን ሰው እጅ ትኩር ብሎ እያየ ትእዛዝ ይጠብቃል። ስሙን፣ ያውም ሙሉውን፣ ጠርቼ ጮህኩ፤ ኳሱ ግን ተጀምሮ ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ አልወጣም። አሸነፋችሁ፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ልጠብቀው ብል በጓደኞቹ ፊት «ማማ፣ አሌስ ጉት፣ ሂጂ» አለኝ፤ ሁሉ ደህና ነው ማለቱ ነው። አላሳፍረው ብዬ ቀደምኩት። ከዚያ ስልክ ደወለ። ባቡሩ ከእኛ አልፎ የመጨረሻው ፌርማታ ጊንሃይም አድርሶት፣ የእኛ ፌርማታ የትኛው እንደሆነ ጠየቀኝ። ተወልዶ ያደገበትን ፌርማታ፣ ክቡር ሆይ። ዊንታ ሄዳ አመጣችው። ቤት እንደገባ ሮላደኑን፣ የመስኮቱን መጋረጃ መዝጊያ፣ አስወርዶ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ተኛ፤ አስመለሰው፤ ውኃ ይዤ በገባሁ ቁጥር «ጨዋታው አለቀ?» ይለኛል። አለቀ ልጄ እለዋለሁ። ተመልሼ ስገባ ያንኑ ይጠይቀኛል። አምቡላንስ ጠርተን ነበር፤ ለመጡትም ሰዎች ተነሥቶ ተቀምጦ፣ ፈገግ ብሎ፣ ደህና ነኝ፣ አልሄድም አላቸው። ጎልማሳ ነውና በግድ አንወስደውም ብለው ሄዱ። እንዲያ ያለውን ጨዋ ፈገግታ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

አራተኛ፦ ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ፤ መቁጠር ጊዜ ያባክናል። አራተኛው የስልኩ ጉዳይ ነው።

ሰኞ ደወልኩልዎ። እኛ ዘንድ፣ ክቡር ሆይ፣ ክፉ ወሬ በር ሳያንኳኳ አይገባም። በመጀመሪያ ሰላምታ አለ፤ ደህና ነዎት ይባላል፣ ደህና ይባላል፤ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ደህና ይባላል። ልቅሶ ቤት በር ላይ እንኳ «እንዴት ናችሁ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ይህ መልስ እንዳልሆነ ጠያቂውም ያውቃል፤ ጠጋ ይልና፣ እጅ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሦስተኛ ይጠይቃል። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነው። እርስዎ «ቪ ጌትስ?» አሉኝ፤ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። «ሃይስ?» አሉኝ፤ እሱም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ፣ ግሩም እንደማለት፣ «ዙፐር! ቅዳሜ!» ብለው ዘጉት። መልሼ ደወልኩ፤ ማሽኑ አነሣው። ማሽንዎም የእርስዎን ሥርዓት የተከተለ ነው መሰለኝ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቆረጠኝ።

ከዚያ በኋላ ለክለቡ ሐኪም «እናቱ ራሷ ደህና ነው ብላለች» ማለትዎን ከጓደኞቹ ሰማሁ። ለዚህ ሹመት እጅ ነሥቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ስሠራ እንኳን የሐኪም ሥልጣን፣ ቁልፍ እንኳ ያስያዘኝ አለቃ አልነበረም። የሐኪምነት ሥልጣኔን የሰጠኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» መሆኑ ግን ያስፈራኛል። ለእግዚአብሔር ያቀረብኩትን ምስጋና እርስዎ የጤና ምስክር ወረቀት አደረጉት።

አሁን ማሾፉን ልተወውና እውነቱን ልንገርዎ። ፈርቻለሁ። በሕይወቴ ብዙ ፈርቻለሁ፤ ከአገር ስወጣ ፈርቻለሁ፣ ባሌን ስቀብር ፈርቻለሁ፤ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም። በሩን ገርበብ አድርጌ ሲተነፍስ እሰማለሁ። ደረጃ ሲወርድ ግድግዳውን ሲይዝ አይቼ እንዳላየ ሆኛለሁ፤ ማየቴን ካወቀ ይለቀዋልና። ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ይዤለት አልሄድም ብሏል። ዊንታ ለምናዋለች፤ ጋሼ ሀብተ ጊዮርጊስ እንኳ ያን የሚወዱትን ፍጥነት ረግመው ለምነውታል። «አሌስ ጉት» ነው መልሱ። ቅዳሜ እሰለፋለሁ ይላል፤ ስሙም በተሰላፊዎቹ ውስጥ አለ፤ «ሃይ» ተብሎ። ሁለተኛ ቢመታ ምን እንደሚሆን አንብቤአለሁ፤ እዚህ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ። የእኔን ቃል አይሰማም። የእርስዎን ይሰማል። እርስዎ ተቀመጥ ካሉት ይቀመጣል፤ እኔ ተቀመጥ ስለው ለመቆም ምክንያት ያገኛል።

ስለዚህ ልመናዬ አንዲት ናት። ከቅዳሜ በፊት ልጄን ጠርተው ሦስት ጊዜ ይጠይቁልኝ። አንደኛውን ደህና ነኝ ይልዎታል፤ አይመኑት። ሁለተኛውን ይስቃል፤ አይሳቁ። ሦስተኛውን ሲጠይቁት የራስ ቁሩን አውልቀው፣ ትከሻውን ይዘው፣ ስሙን ሙሉውን ጠርተው ይጠይቁት፤ ከዚያም ዝም ይበሉ። ዝም ማለት ለእርስዎ አዲስ ልምምድ ስለሆነ መጀመሪያ ሊከብድዎ ይችላል። ተጋጣሚውም በዚያች ዝምታ ውስጥ ተጫዋቾቹን ሊቀይር ይችል ይሆናል። ይቀይር።

ይህን ያህል ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ካልሰጡኝም ሊሰጡኝ ይችሉ ስለነበር፣ ምስጋናዬ ከማይን ወንዝ ይሰፋል። ለእርስዎ ጤና፣ ለቡድንዎ ድል፣ ለልጆችዎም በእርጋታ ማደግን እየተመኘሁ፣ በብዙ አክብሮት፣ ከአክብሮቱም በሚበልጥ ፍርሃት እሰናበትዎታለሁ።

የሀይለየሱስ እናት
የሺወርቅ ሰይፈ ገብርኤል
ኖርድቬስትሽታት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዊንታ ስትተረጉም፣ ሄር ኮልብ ከመጀመሪያው መስመር አልፈው አያነቡም አለችኝ። ተከራከርኳት፤ ረታችኝ። ስለዚህ በሚደርስዎ የጀርመንኛ ደብዳቤ ላይ ሰላምታው የለም። መጻፍ ከተማርኩ ጀምሮ ሰላም ሳልል ደብዳቤ ጀምሬ አላውቅም፤ ይህን ክብር ለማግኘት እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ልጄ ደህና አይደለም።