ቱዳ ሰርግ የሄደችበት ሳምንት

ልጄ ቲሊላ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ብቻ ከስቷል፤ ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ።

ባለፈው በስልክ ምን አልሽኝ? «እማ፣ ጎረቤታችንን ቱዳን በዘይቱም በዳቦውም ሥራ ብትበልጫትም፣ አብልጠሽ የምትበልጫት የአርጋን ፍሬ ሰብሮ ዘይት በማውጣት ነው። ዳቦ መጋገሩን ለሷ ተዪላትና ዘይትና ዳቦ ተለዋወጡ።» እሺ ብዬ ምድጃዬን አጠፋሁ፤ እርሾዬን ሳይቀር ሰጠኋት። እውነትሽን ነው፣ መጀመሪያ ዘይቱም ዳቦውም በዛ። እኔም «ልጄ ሊዮን ድረስ ሄዳ የተማረችው ነው» እያልኩ መንደሩን አሰለቸሁት።

ከዚያ ቱዳ ለእህቷ ልጅ ሰርግ ሄዳ ሰባት ቀን ቀረች! በሯ ተቆልፏል፤ እርሾው ውስጥ ነው። ያን ሁሉ ከፎከርኩ በኋላ በየትኛው አፌ ሰው ቤት ሄጄ እርሾ ልለምን? አባትሽ ዘይቱን በማንኪያ እየጠጣ «ልጅሽ ይህንንም አስልታው ነበር?» ይለኛል።

በይ አሁን አንድ ነገር መልሺልኝ። ሰው አብልጦ የሚበልጥበትን ይሥራ፣ ቀሪውን ለሌላ ይተው አይደል ትምህርትሽ? እዚያ ያንቺን ወንበር የሚይዝ ሞልቷል። የኔ ልጅ መሆን ግን ካንቺ በቀር ማንም አይችልበትም።

ፍሬው ሲለቀም ነይልኝ። አላህ በሰላም ያምጣሽ። ዳቦውን እኔው እጋግራለሁ።

እናትሽ ኢጃ