እስኪፈረድለት ድረስ እንዳይድን ስለተመከረው ባለቤቴ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ አደጋ ካሳ ጉባኤ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ በተለይ ለዳሌዎና ለጉልበትዎ ፍጹም ጤና እመኛለሁ፤ እነዚህ አካላት መጎዳታቸው ብቻ ሳይሆን መዳናቸውም ምን ያህል ጣጣ እንደሚያመጣ በቤቴ አይቻለሁና።

እኔ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል ከግንብ ጋር ያጣበቀው የዚያ ቀለም ቀቢ ሚስት ነኝ። መዝገባችን ሲከፈት ልጃችን ፊደል አትለይም ነበር፤ ዛሬ የቀጠሮውን ወረቀት የምታነብልን እርሷ ናት። ስለ ጥፋቱ ክርክር የለም። ሾፌሩ ገና ያን ዕለት እያለቀሰ አምኗል፤ እስከ አሁንም እየመጣ ይጠይቀናል። የቀረው ጥያቄ ባለቤቴ ምን ያህል ተጎዳ የሚለው ብቻ ነው። ስለዚሁ ጥያቄ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ባለቤቴን ከአልጋ ሲያስነሳው «በየቀኑ ካልተራመድክ ዳሌህ እንደ ዛገ ማጠፊያ ይደርቃል» አለው። ጠበቃችን ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ጎን ጠራኝና «የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱን ሳይለካ ሰውዬው ቆሞ ከታየ ካሳውን እርሱት» አለኝ። ቦርዱ የሚለካው ጉባኤዎ ሲያዝዝ ነው፤ ጉባኤዎ የሚያዝዘው ዳኞቹ ሲሟሉ ነው፤ ዳኞቹ ደግሞ አንዱ ሲገቡ ሌላው ስብሰባ ይወጣሉ። ስለዚህ እኛ የአጥንቱን ቀጠሮ ከመዝገቡ ቀጠሮ ጋር ለማስማማት ስንል፣ አጥንቱን «እባክህ ትንሽ ታገስ» እያልን ባለቤቴን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀመጥነው።

ሁለተኛ፣ የኢንሹራንሱ ድርጅት ካሜራ የያዘ ሰው ከቤታችን ፊት ለፊት ስላቆመልን አመሰግናለሁ፤ ብቸኝነት አልተሰማንም። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ዘግተን እንውላለን። ባለቤቴ ከአልጋው እስከ ምግብ ማብሰያው፣ ከምግብ ማብሰያው እስከ አልጋው፣ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ እያደባ ይራመዳል። ልጃችን በመጋረጃው ጠርዝ ትጠብቅለታለች፤ ሰውየው ብቅ ሲል «አባዬ፣ ተቀመጥ!» ትላለች፤ እርሱም ይቀመጣል። አንድ ቀን ፀጉሯን ስሠራት «እማዬ፣ አባዬ የዳነ ቀን ያስሩታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ የሕግ ሰው ስለሆኑ ምናልባት ይመልሱላት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሥራን በተመለከተ። ጎረቤታችን አናጺው «እጅህ እንኳ ሥራ አይፍታ» ብሎ አንዲት የእንጨት ወንበር አመጣለት፤ ባለቤቴም ተቀምጦ ቀባት። በቀጣዩ ችሎት የወንበሯ ፎቶግራፍ ከእኛ ቀድሞ ገብቶ ጠበቀን፤ የኢንሹራንሱ ጠበቃም «እንደሚታየው መሥራት ይችላል» አሉ። ባለቤቴ ደንግጦ ብሩሹን አስቀመጠ። በሚቀጥለው ችሎት እኚሁ ጠበቃ «ራሱን ለመርዳት ምንም ጥረት አላደረገም» አሉ። ክቡርነትዎ ሁለቱንም አንገትዎን እየነቀነቁ አስመዘገቡ። ያን ያህል ለማንም አለማድላት በእውነቱ የሚደነቅ ነው።

ከዚህ በኋላ ላለው «አራተኛ» ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ባለፈው ቀጠሮ ጠዋት ባለቤቴ ሸሚዙን እየቆለፈ «ዛሬ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም» አለኝ። ተቆጣሁ፤ ታዲያ እስከ ዛሬ የተቀመጥከው ለምን ነበር አልኩት። «ከዚህ በላይ ከተቀመጥኩ የእውነት ሽባ እሆናለሁ፤ ያኔ ብንረታስ ምን ይረባኛል?» አለ። ወንበሩን ለጉባኤዎ በር ጥበቃ ሰጥቶ የችሎቱን ደረጃ በምርኩዝ ወጣው። በየማረፊያው እየቆመ፣ ከንፈሩን እየነከሰ፣ እኔ ከኋላው «ቢወድቅስ» እያልኩ፣ ደግሞም ይቅር ይበለኝና «ምነው ትንሽ ቢወድቅ» እያልኩ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሚስት አድርጋችሁኛል።

ክቡርነትዎ «ማን ደግፎ አመጣዎት?» ብለው ጠየቁት። «ማንም። በእግሬ መጣሁ» አለ። ከጋብቻችን ዕለት ወዲህ እንዲያ ቀና ብሎ ቆሞ አላየሁትም። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ፈገግ አሉ። ጉባኤውም «ጉዳቱ ጊዜያዊ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ነገሩ እንደገና እንዲጣራ ረጅም ቀጠሮ ሰጠ።

አሁን መጋረጃችን ተከፍቷል። ባለቤቴ በየጠዋቱ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዶ ይመለሳል። ሐኪሙ ግን አይቶት ራሱን ነቀነቀ፦ በጊዜው ተራምዶ ቢሆን ኖሮ ዳሌው ይታዘዝለት ነበር፤ አሁን ደርቋል፤ መሰላል ከእንግዲህ አይታሰብም። ይህኛው ጉዳት የጭነት መኪናው አይደለም፤ ሾፌሩም ንጹሕ ነው። ይህን ያደረሰብን ማን እንደሆነ ስለምናውቅ፣ አቤቱታችንን ለእርሱ ለራሱ ማቅረብ አግባብ መሆን አለመሆኑን በትህትና እንጠይቃለን።

ወደ ፊት እንዳንሄድ፣ ወደ ኋላም እንዳንመለስ አድርጎ በአንድ ቦታ ያጸናንን ጉባኤ ከልብ በማክበር፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር ቀጠሮ እየተመኘሁ፣

ታዛዥዎ፣
የቀለም ቀቢው ሚስት

ማሳሰቢያ፦ በመጨረሻው ትእዛዝዎ «ተጎጂው አደጋው በደረሰበት ዕለት የነበረበት ሁኔታ ተጣርቶ ይቅረብ» ብለዋል። ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ልጃችንን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ እርሷ ጆሮውን እንደ መሪ እየጠመዘዘች፣ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርደዋል። ያ ሁኔታ አሁን የት እንደሚገኝ ጽሕፈት ቤትዎ የሚያውቅ ከሆነ እባክዎ ይንገሩን። ሄደን እናመጣዋለን፤ ካሳውንም እንተውልዎታለን።