ነጩ ያልተቃጠለበት ፎቶ፦ የአቶ ታክ ዮንግሺክ የሕይወት ታሪክ

አቶ ታክ ዮንግሺክ ከአባታቸው ከጨው አምራቹ ከአቶ ታክ ማንሱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጊ ኦክቡን፣ በምዕራቡ ባሕር ዳርቻ በጎሙንዶል መንደር ኤፕሪል 11 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ተወለዱ።

ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት ጀምረው፣ ጦርነቱ ሁለት ዓመት ካቋረጣቸው በኋላ በ1958 አንደኛ ደረጃን አጠናቀቁ። ከዚያ በላይ ለማስተማር ቤቱ አቅም ስላልነበረው በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከተማ ወርደው ፎቶ ቤት ተቀጠሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ካሜራ ሳይነኩ ወለል መጥረጋቸውን እስከ እርጅናቸው በምሬት ያወሩት ነበር። ውትድርናቸውን ጨርሰው በ1971 የራሳቸውን ፎቶ ቤት ገበያው አጠገብ ከፈቱ። የዚህ አካባቢ ሙሽራ ሁሉ በእጃቸው አልፋለች። ደንበኛን ፈገግ በሉ ብለው ለምነው አያውቁም፤ ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው ብዙዎቻችን በሠርጋችን ፎቶ ላይ የተኮሳተርነው በእሳቸው ምክንያት ነው።

በ1973 ወይዘሮ ማ ሱንዶክን አግብተው እኛን ልጆቻቸውን ሄጂንንና ኢንሆን ወለዱ። እናታችን ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ጉልበታቸውን ሳንቃ ላይ አንበርክከው፣ በሌላው እግራቸው ጭቃውን እየገፉ ዛጎል ከሚለቅሙት የመንደራችን ሴቶች አንዷ ናቸው። ሁለታችንንም ያስተማረን ያ ጭቃ ነው፤ የፎቶ ቤቱ ገቢማ ለሌንስ ብቻ ነበር የሚበቃው። አባታችን ከ1989 ጀምሮ የውሃ ወፎችን ማንሳት ስለ ጀመሩ የእሑድ ምሳ አብረን የበላንበትን ቀን በጣት መቁጠር ይቻላል።

በ2003 ባሕሩን በግድብ ዘግቶ ጭቃውን ለማድረቅ ታቀደ። ሁለት መቶ ሴቶች ሥራ ሊፈቱ ነው። የግድቡ አጥኚዎች ማንኪያ አፍ የምንለው ፊቱ ጥቁር፣ ላባው ነጭ ብርቅዬ ወፍ እዚህ አይመገብም ብለው ጻፉ፤ ቢመገብ ግድቡ አይፈቀድም ነበርና። አባታችን በየዓመቱ ሲያዩት የኖሩትን ወፍ ማለት ነው! ግድቡን የሚወስነው ሸንጎ በሴፕቴምበር በጠራው ስብሰባ ላይ ፎቶዎቻቸውን ይዘው ቀረቡ። ነገር ግን ካሜራው የጭቃውን ጥቁረት ለክቶ ብርሃን አብዝቶ ስላስገባ ወፎቹ ተቃጥለው ነጭ ነጠብጣብ ሆነው ነበር፤ እግራቸውም ደብዝዟል። ከሸንጎው አባላት አንዱ ፎቶውን ከፍ አድርገው፣ ይህ ወፍ ነው ወይስ የተሰጣ አንሶላ ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ።

አባታችን ሁለት ቀን ፎቶ ቤቱን አልከፈቱም። ጥፋቱን በጉሙም፣ በሌንሱም፣ በፊልሙም አሳበቡ። በመጨረሻ እናታችን ትዕግሥታቸው አለቀ።

«የሄጂን አባት፣ ሠላሳ ዓመት የሙሽራ ቀሚስ ስታነሳ ጥልፉ ጠፍቶብህ ያውቃል? ታዲያ ወፏ ምን በደለችህ?»

አባታችን ተነሡ። ለሙሽራ ብርሃን የሚለኩት ከቀሚሱ ላይ እንጂ ከመጋረጃው ላይ አልነበረም። ያን ያህል የለመዱትን ነገር ጭቃው ላይ መርሳታቸው አንገበገባቸው።

ቀጣዩ ስብሰባ ኖቬምበር 3 ነበር፤ ወፎቹ ደግሞ በኦክቶበር መጨረሻ ይሄዳሉ። ባሕሩ ሩቅ የሚሸሽበት አንድ ቀን ብቻ ቀራቸው፤ ኦክቶበር 27። ከመንደራችን ትይዩ ባለችው ደሴት ላይ የተፈለፈለች፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት የታሰረላት አንዲት ማንኪያ አፍ ነበረች። ቁጥሩ በመዝገብ ስላለ፣ ከተነበበ ክርክሩ ያበቃል።

ወፎቹ በእግሩ የሚሄድ ወንድ ሲያዩ ይበራሉ፤ ሳንቃ የምትገፋ ሴትን ግን ለምደዋል። ስለዚህ አባታችን የእናታችንን አበባማ ሻሽ አስረው፣ ሳንቃቸው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ፀሐይን ከጀርባቸው አድርገው ጠበቁ። ወፎቹን ወደ እሳቸው የሚገፋቸው የሚመለሰው ባሕር ነው። እናታችን ከኋላ ቆመው ውሃው ጭቃው ላይ በተርታ ከተተከሉት እንጨቶች ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ለመመለሻ ምልክት ዛጎል የሚለቅሙበትን ጎድጓዳ የቆርቆሮ ሳህን ሊደበድቡ ተስማሙ። ሁለቱም ዋና አይችሉም።

ውሃው ሦስተኛው እንጨት ላይ ደረሰ። ወፏ ቀርባለች፤ ቀለበቷ ግን ውሃ ውስጥ ነበር። ሳህኑ ቢመታ ትበራለች። እናታችን እጃቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት። ውሃው አራተኛውን እንጨት ነካ። በዚህ ጊዜ ወፏ አንድ የጭቃ ጉብታ ላይ ወጣች፤ አባታችን አከታትለው አሥራ አንድ ጊዜ አነሡ። ሳህኑም ተመታ። የመመለሻው ቦይ እስከ ደረት ስለሞላ፣ ካሜራውን ሳህኑ ውስጥ አድርገው ሁለቱም ሳንቃውን ጨብጠው ተሻገሩ።

ዳር ሲደርሱ አባታችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ውሃውን አላየሽውም?»

«አየሁት።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ሲነጋገሩ አልሰማንም።

በማግስቱ ጠዋት ፊልሙን ራሳቸው አጠቡ። አሥሩ አይረቡም ነበር። በአንዱ ላይ ላባው አንድ በአንድ ይታያል፣ ዓይኗ ጥርት ብሏል፣ ቀለበቱም ላይ 27 ተጽፏል። በስብሰባው ቀን ፎቶውን በዚያው ሰው ፊት አስቀምጠው ቁጥሩን እንዲያነቡላቸው በትሕትና ለመኗቸው። ሰውየው ጮክ ብለው አነበቡ። ግድቡ በ2004 ተሰረዘ።

አቶ ታክ ዮንግሺክ ከ2016 ጀምሮ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ማርች 5 ቀን 2019 በሰባ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

የጎሙንዶል እናቶች፣ ዛሬ ባሕሩ የሚሸሸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ከቀብር መልስ እኛን ለማጽናናት እንቀመጥ አትበሉ፤ ወደ ጭቃችሁ ውረዱ። ይህን እንድንነግራችሁ ያዘዙን እናታችን ናቸው።

ዓይናቸውን በብርሃን ያደከሙትን አባታችንን፣ ጌታ በማይጠልቀው ብርሃኑ ያሳርፍልን።