አልጋዬ በሩ ላይ

ለወንድሜ ለጉዲሳ። ድሬዳዋ ከነባለቤትህና ከነልጆችህ በሰላም ከረማችሁ ወይ? እኔና አባባ ተመስገን ደህና ነን።

የኮልፌው ቤታችን ለመንገድ ፈርሷል። ኪራይ ብፈልግ፣ አከራዮቹ አባባን አንዴ ካናገሩ በኋላ ሁሉም ቤቱ ተይዟል ይሉኛል። አንተንም ምን እናድርግ ብዬ ብጠይቅህ መልስ ስላልሰጠኸኝ፣ አሮጌ አውቶብስ ገዝቼ አስኮ አክስታችን ግቢ አስቆምኩ። እዚያው ልንኖር ነው።

ወንበሮቹ ከወጡ በኋላ በያጁ ኤልናታን ሁለት ፕላን አሳየኝ። በአንደኛው አልጋዎቹ ከኋላ ሆነው በሩ አጠገብ ሰፊ ማብሰያ ይወጣል። በሁለተኛው የእኔ አልጋ በሩ ላይ ይጋደማል፤ እኔን ሳይቀሰቅስ የሚወጣ ሰው የለም።

"እህቴ፣ ይሄንን ማንም አይመርጠውም" አለኝ።

እኔ መረጥኩት። ባለፈው ሳምንት አባባ በነጠላ ጫማ ጦር ኃይሎች ድረስ ሄደው፣ መልሶ ያመጣልኝ አንድ የታክሲ ሹፌር ነው። "ሥራ ረፍዶብኝ ነው" አሉት። ጡረታ ከወጡ አሥራ አራት ዓመታቸው ነው።

አባባ ፕላኑን ሲያዩ ተቆጡ። "የእናትሽ አልጋ የታለ? እሷን በር ሥር እንዳታስተኚብኝ፣ ብርድ አትችልም።"

ኤልናታን ዞር ብሎ አየኝ።

"ከእርስዎ ጋር ነው የምትተኛው፤ ሰፋ አድርጎ ይሠራዋል" አልኳቸው። የእማዬ ሙት ዓመት ላይም አልነበርክም፤ ይሄንንም እኔው መለስኩ።

ለልጆችህ ናፍቆቴን አድርስልኝ። ለአባባ ስትደውል ግን ወደ ወሬው አትቸኩል፤ መጀመሪያ ስምህን ንገራቸው።

እህትህ ጉዲቱ