የረባሾች ወረቀት

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 12 ቀን 1975

ውድ ዲሪዬ፣

አድራሻህን የሚያውቅ ስለሌለ ይህን ለእናትህ ለእማማ ሃዎ እሰጣቸዋለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ሸሚዞችህን እያጠቡ ያጥፋሉ። የሚለብሳቸው ስለሌለ በድሬ እንደነሱ የነጣ የለም።

አስተማሪ ልሆን ነው፤ አትሳቅ። ማሠልጠኛው ለልምምድ የመደበኝ እዚያው እኛ የተማርንበት ትምህርት ቤት ነው፣ ሦስተኛ ክፍል። መጽሐፉ «ብርድ ሲበረታ እሳት ዳር እንቀመጣለን» ይላል። ልጆቹ ላባቸውን እየጠረጉ ይደግማሉ። የሚጠይቅ የለም። መጽሐፍ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ነገር መሆኑ ገና በሦስተኛ ክፍል ገብቷቸዋል።

ርዕሰ መምህሩ አሁንም ጋሽ ገብረ መድኅን ናቸው። «የክፍል አለቃ ምረጥ፤ የረባሾችን ስም የሚጽፍልህ። ሶማልኛ ያወራም ረባሽ ነው» አሉኝ። እናትህን ግን መሠረተ ትምህርት የአማርኛውን ፊደል በሶማልኛ እያስቆጠራቸው ነው። በራስ ቋንቋ ለመማር መጀመሪያ ማርጀት ያስፈልጋል ማለት ነው።

የእኛ ክፍል አለቃ እኔ ነበርኩ። ለክፍላችን ልጅ ለፋዱማ ሒሳቡን በሶማልኛ ስታስረዳት በጻፍኩህ ቁጥር ወረቀቱን አየት አድርገህ «ዋሪያ፣ ጽሕፈትህ እንዴት ያምራል! አስተማሪ ሁን» ትለኝ ነበር። ቅጣቱ ግቢ መጥረግ ነበር። ከዚያ የሚያልፍ አልመሰለኝም።

በ1970 ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ሳይበርድ የቀበሌ ሰዎች መጥተው ተጠርጣሪ ሲጠይቁ፣ ትምህርት ቤቱ ሌላ ማስረጃ ስላልነበረው የእኔን ወረቀቶች ሰጣቸው። ስምህ ሲነበብ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አንባቢው አንዴም አልተደናቀፈም። ጽሕፈቴ ይነበባል። አንተን ሲወስዱህ እኔ ጠመኔ ይዤ ነበር። ይህን ለእናትህ ነግሬያቸው አላውቅም።

ትናንት ዳሃቦ የምትባል ተማሪዬ ማካፈል አልገባ ብሏት እንባዋ መጣ። አንተ ባስተማርከኝ ሶማልኛ አስረዳኋት። የመረጥኳት የክፍል አለቃ እርሳሷን አነሳች።

«ቲቸር፣ እርስዎንም ልጻፍ?»

«ደንቡ ምን ይላል?»

«ሶማልኛ ያወራ ይጻፋል።»

«እንግዲያው ጻፊ።»

«ዳሃቦንስ?»

«እሷ ሰማች እንጂ መች አወራች?»

ጻፈችኝ። ጽሕፈቷ ያምራል፤ ፈራሁላት።

ወረቀቱን ራሴ ቢሮ ወሰድኩት። ጋሽ ገብረ መድኅን ሁለቴ አነበቡት፤ ያለው ግን አንድ ስም ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይህ ማሠልጠኛ ከደረሰ ሰርተፊኬት የሚባል ነገር የለህም። ቅደደው፤ እኔም አላየሁም።»

«ያኔም እንዲህ ቢሉ ኖሮ» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ። ከዚያ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ቆለፉበት። የዛሬ አምስት ዓመት የእኔን ወረቀቶች አውጥተው ለቀበሌ የሰጡበት መሳቢያ ነው።

ነገ ክፍል እገባ እንደሆን አላውቅም። ከገባሁ አለቃ አይኖርም። እናትህ ፊደል ሊጨርሱ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ አማርኛ ይሰማሉና ያኔ የእኔንም እጅ ጽሑፍ ማንበብ አያቅታቸውም። ስለዚህ ደብዳቤውን ሳላሽገው እሰጣቸዋለሁ።

ስምህን የጻፈው፣
በዛብህ