የሩቂያን ሻርፕ አልተረትርም

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 12

ውድ እትዬ ወርቅነሽ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሆነልዎት? የደብረ ብርሃን ብርድ እንደጠናብዎት ልጅዎ ዮናስ ነግሮኛል፤ አላህ ይማርልኝ። እኛ ደህና ነን፣ ሙቀቱ ነው ያስመረረን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ግን ስልክ ላይ ሁልጊዜ እርስዎ ይቀድሙኛል። ገና "እትዬ" ከማለቴ "ሰማሁሽ" ይሉኝና ወሬው ያልቃል። ስለዚህ ጻፍኩት። ደረጄ ነገ ሽንኩርት ጭኖ ወደ ላይ ስለሚወጣ ያደርስልዎታል። ወረቀት እንግዲህ አያቋርጡትም።

ባለፈው ዓርብ ለልጄ ለሩቂያ ሰርግ የሠራሁትን የዳንቴል ሻርፕ ፎቶ አንስቼ በዮናስ ስልክ ላኩልዎት። ሁለት ዓመት የፈጀብኝ ሥራ ነው። እውነቱን ልናገር፣ "ጎበዝ" እንዲሉኝ ነበር የላኩት። በአርባ ዓመቴ ጎበዝ መባል አማረኝ። በማግስቱ ድምፅዎ መጣልኝ። "ፈይሩዝ፣ አይቼዋለሁ። አራት ቦታ ላይ ቅጠሉ ጠሟል። ተርትሪው። የሚያውቅ ሰው ካየው፣ የማን ተማሪ ናት ይላል።" ይኸው ነው። እንኳን ደስ አለሽ የለ፣ ሙሽራዋ እንዴት ናት የለ። ሰርጉ የፊታችን እሁድ መሆኑን እያወቁ።

መልሴ ይኸውልዎት፦ አልተረትረውም። ምክንያቱን ግን ሳልነግርዎት ብቀር ጥጋብ ይመስልብኛል፤ ስለዚህ ሃያ አራት ዓመት በሆዴ ከያዝኩት ልጀምር።

ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ከእኛ ቤት በላይ በረንዳዎ ላይ የሰፈሩን ሴቶች ልጆች ሰብስበው የኪሮሽ አያያዝ ያስተምሩን ነበር። እስላም ክርስቲያን ሳይሉ፣ ከማንም አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ። ይህን ውለታዎን አልክድም። የመጀመሪያ ሥራዬ የሬዲዮ ልብስ ነበረች፤ ዘጠኝ ቀን ሠርቼ እየሮጥኩ አመጣሁልዎት። ገለባበጧት፣ ወደ መነጽርዎ አስጠጓት፣ ከዚያ ጫፏን ያዙና ሳቧት። ሴቶቹ ሁሉ እያዩ። ዘጠኝ ቀኔ ክር ሆኖ ጭንዎ ላይ ተከመረ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ልቃቂቱን አስታቀፉኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ደግሞ "ክሩ እንደሆነ አልጠፋም፣ ምን ያስለቅስሻል?" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

እትዬ፣ በጣም ተናድጄ ነበር። በበረንዳዎ ላለማለፍ ስንት ጊዜ በወንዙ በኩል እንደዞርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ኪሮሽ አሥር ዓመት አልነካሁም። እርስዎ "አግብታ ሥራ በዝቶባት ነው" ይሉ ነበር አሉ። ሥራ አልበዛብኝም። ፈርቼ ነው።

የመለሰኝ መሰልቸት ነው። ባሌ ሰዲቅ በጭነት መኪና ሎጊያ ድረስ እየሄደ ሳምንት ሲቆይ እጄ ሥራ ፈታ። ከዚያ ወዲህ ስንት ሻርፕ ሠራሁ፣ ስንቱስ ተበላሸብኝ። ደጋ ከወጡ ጀምሮ ረስተውት ይሆናል እንጂ ቆላ ላይ ዳንቴል መሥራት መከራ ነው። ላብ ነጩን ክር ቢጫ ያደርገዋል። ጉልበቴ ላይ ፎጣ ዘርግቼ፣ እጄን በየአሥር ደቂቃው እየታጠብኩ ነው የምሠራው። አንዱ ሻርፕ በማንጎ ጭማቂ ተበላሽቶ የፍሪጅ ልብስ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ እኩል ሲደርስ ክር አለቀብኝና ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ሌላ ነጭ ሆነ፤ ግማሹ ወተት፣ ግማሹ አጓት። ጎረቤታችን ሙሀባ ደግሞ በሄደች በመጣች ቁጥር "በዚህ ሐሩር ሻርፕ? ማን ሊለብሰው ነው?" ትለኛለች። ሰዲቅም "እኔ ካናቴራውን አልቻልኩትም፣ አንቺ ክር ትደርቢያለሽ" እያለ ያሾፍብኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን አውጥቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ሻርፑ ሲያልቅ ግን ታጥቦ፣ ፍራሽ ላይ በመርፌ ተወጥሮ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ሳነሣው ቅጠሉ ሁሉ መሬት ላይ በጥላ ይታያል። ያኔ ሙሀባም ጎንበስ ብላ ጥላውን ታያለች። ለዚያች ደቂቃ ስል ነው የማልተወው።

የሩቂያን የጀመርኩት እናቴ በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። እናቴን ሰሊማን ያውቋታል፤ የስንት ዓመት ጎረቤትዎ ነበረች። ለእኔ የተወችልኝ ሙስበሃዋን ነው፤ የእርስዎን መቁጠሪያ የመሰለ፣ አላህን ስታወሳ ዚክር የምትቆጥርበት፣ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው። ከእጄ አልለይም አለ። የመረጥኩት ቅጠል አሥራ አንድ የክር ቀለበት ይፈልጋል፤ ዘጠኝ ቅጠል ዘጠና ዘጠኝ ሆነ ማለት ነው። ሙስበሃውን አንዴ ስዞረው ዘጠኝ ቅጠል፣ አራቴ ስዞረው የሻርፑ ርዝመት። ይህን ያህል ልክክ ያለ ቆጠራ ከየት ይገኛል አልኩ። ሰዲቅ "በዚክር ዕቃ ክር ትቆጥሪያለሽ?" ሲለኝ፣ "በየቀለበቱ ሱብሃነላህ እላለሁ፣ ምን ቀረብኝ?" ብዬ አፉን አስያዝኩት።

ቅጠሉን መሥራት ስጀምር ዘጠነኛው ላይ አንድ ቀለበት ጎደለብኝ። ዓይኔ ተጠራጠረ። መልሼ በሙስበሃው ቆጠርኩት፤ ልክ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩት፤ አሁንም ልክ ነው። ዓይኔን ከማምን የእናቴን ሙስበሃ አመንኩና ዘጠነኛውን ጠበብ አድርጌ አስገባሁት። በዚያው ሄድኩ። ሻርፑ በረዘመ ቁጥር አራቱ ጠባብ ቅጠሎች አጠገባቸው ባሉት እየተገፉ ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ። እርስዎ በፎቶ ያዩት እነሱን ነው። ዓይንዎ ዛሬም አልደከመም።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገርዎት። አልተረትርም ከማለቴ በፊት ታዝዤዎት ነበር። ድምፅዎ በመጣ በማግስቱ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ማንጎው ሥር ተቀምጬ ጫፉን ፈታሁና መሳብ ጀመርኩ። እንደዚያን ጊዜው ፈራሁ። አርባ ዓመቴ ነው፣ ልጅ ልድር ነው፣ እርስዎ ደብረ ብርሃን ነዎት፣ እኔ እዚህ እየታዘዝኩ እተረትራለሁ። ሁለት ረድፍ እንደተረተርኩ ሩቂያ ሂናዋን ይዛ ከባጃጅ ወረደች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጠሟል። እትዬ ወርቅነሽ አይተውት ነው።"

"የቱ ጋ?"

አሳየኋት። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችውና በጣቷ አንድ በአንድ ቆጠረች። "በምንድን ነው የቆጠርሽው?"

"በአያትሽ ሙስበሃ።"

ሳቀች። ከሳቋ ስትመለስ ሙስበሃውን ከእጄ ወስዳ "ይሄ እኮ ዘጠና ስምንት ነው" አለችኝ። "አንዷ ፍሬ እኔ ሳልወለድ ሮቢ ወንዝ ለሰላት ውዱእ ስታደርግ ገብታባታለች። ሌላ ፍሬ አላስገባም ብላ፣ የመጨረሻዋን በአውራ ጣቷ ነበር የምትሞላው። እኔን ልጅ ሆኜ ስታስተምረኝ እንዲህ በይ ትለኝ ነበር።" አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አስነካችና አሳየችኝ።

እትዬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት አይቻታለሁ። ሙስበሃዋን ዞራ ስትጨርስ አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታስነካ ነበር። አመሏ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን "ምን ማለት ነው?" ብዬ አልጠየቅኋትም። ሙስበሃውን ወረስኩ፣ ጣቷን ሳልወርስ። ሻርፑን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ የላቡ ሳያንስ እንባም ጠጣ።

ሩቂያ ሻርፑን ከፊቴ ላይ አነሣችና "የጎደለው የአያቴ ጣት ነው" አለች። "አያቴ ለሰርጌ አልደረሰችም። ይሄ ይድረስልኝ። ብትተርትሪው ግን አማቶቼ የላኩትን እለብሳለሁ።" የአማቶቿን አላዩትም፤ እንደ መኪና መብራት የሚያብለጨልጭ ነው፣ ሰው ዓይኑን ይከልልበታል። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። የፈታሁትን ሁለት ረድፍ ዛሬ መልሼ ሠርቼዋለሁ፤ ጠማማዋን ቅጠል እንደነበረች አድርጌ። አውቆ ማጣመም ከማቅናት ይከብዳል፣ ይሞክሩት።

ስለዚህ እሁድ ይምጡ። ዮናስ በጠዋት ካስነሣዎት ጣርማ በርን ወርዳችሁ ከምሳ በፊት ትደርሳላችሁ። ለክርስቲያን ወዳጆቻችን ለብቻ ይታረዳል፤ ባርኮ የሚያርደው የእናንተው ደምሴ ነው፣ ሥጋውም በተለየ ድስት ነው፣ በዚያ አያስቡ። ከፊት ነው የማስቀምጥዎት። "የማን ተማሪ ናት?" የሚል ሰው ከመጣ መልሱን ለእርስዎ አልተውም፤ እጄ የእትዬ ወርቅነሽ ነው፣ ቆጠራው የእናቴ ነው እለዋለሁ። ጠማማዋን በጣትዎ ቢያሳዩ አልቀየምም። መሳብ ካሰኘዎት ግን ከሙሽራዋ ትከሻ ላይ ነው የሚስቡት፣ እኔ ፊትዎ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሴቶቹ ቢስቁም እኔ በዚህኛው አልስቅም።

አሁንም እወድዎታለሁ። ባልወድዎት ፎቶውን ለእርስዎ አስቀድሜ ምን አስላከኝ። ግን ከእንግዲህ አልፈራዎትም፤ ይህን እንዲያውቁልኝ ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት።

ሌላው፣ ለእርስዎም አንድ ጀምሬያለሁ። ወፈር ያለ ግራጫ ክር ነው፣ ለደጋው ብርድ። የምቆጥረው በዚያው ሙስበሃ ነው፤ አሁን እያወቅሁ ዘጠና ስምንት ላይ አቆማለሁ፣ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አስነካለሁ፣ ጠባቡን ቅጠል እሠራለሁ። አላህ ካለ ለጥቅምት ይደርሳል። መጀመሪያ ብርዱ እስኪያልፍ ይልበሱት። ከዚያ ዓይንዎ እንቢ ካለ ይተርትሩት፤ ክሩ እንደሆነ አይጠፋም።

ያስተማሯት፣
ፈይሩዝ