ሦስተኛው ምሰሶ ሥር

ሰኞ

ውሻ የምትጎትት ፈረንጅ አለችበት። ዛሬ ከናይሮቢ በኢሜይል በደረሰን ሥዕል ላይ ነው፤ አዲሱ የሞያሌ የሕዝብ አዳራሽ ተሠርቶ ሲያልቅ ይህን ይመስላል ተብሎ የተላከ። ቀጭን ናት፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋለች፣ ውሻዋን በገመድ ይዛ በአዳራሹ ፊት ታልፋለች። ከድንበሩ ወዲህ፣ በኬንያው ወገን፣ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። በገመድ ሲጎተት ያየሁት ፍየል ብቻ ነው፤ እሱም ለሽርሽር አልነበረም።

ከእሷ ወዲያ አንድ ጎልማሳ ላፕቶፑን ደረቱ ላይ አድርጎ ሣር ላይ ተጋድሟል። ሣሩ ከየት እንደመጣ አልተጻፈም። አጠገቡ የውሃ ገንዳ አለ፤ «የጥሞና ገንዳ» ይለዋል ማብራሪያው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በአህያ ነው። አህዮቹ ገንዳውን ያዩ ቀን የሚወርድባቸውን ጥሞና ከወዲሁ አየሁት።

ማብራሪያው በጣም የተማረ ነው። «ሕንፃው ከከተማው ጋር ይነጋገራል» ይላል። ፕላኑን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ንግግሩን ፈለግሁ። ዋናው በር በምሥራቅ በኩል፣ ወደ መኪና ማቆሚያው። በምዕራብ በኩል፣ ማለትም መንገዱ፣ ገበያው፣ የጭነት መኪናውና ሰው ሁሉ ባለበት ወገን፣ መስኮት የሌለው ግድግዳ። ከግድግዳው ስድስት እርምጃ ርቆ ደግሞ የብረት አጥር። የሚነጋገረው በጀርባው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር ከባለሥልጣናት ጋር ለምደነዋል፤ ከሕንፃ ሲመጣ ግን የመጀመሪያው ነው።

አሮጌው የድንጋይ ሕንፃ ይፈርሳል። ወደ መንገዱ የሚያየው ባለ ሰባት ምሰሶ በረንዳም አብሮ ይፈርሳል። ጠዋት ጠዋት የግመል ወተት የሚሸጡት ሴቶች እዚያ ነው የሚቀመጡት። መታወቂያ የሚጠብቀውም፣ ወረቀቱ ያላለቀለት ሾፌርም እዚያ ነው።

ስለ በረንዳው ዛሬ ብዙ አልጽፍም።

ለራሴ ማስታወሻ፦ አርክቴክቷ ዋንጂሩ ሐሙስ ትመጣለች። ዓርብ ኃላፊው ይፈርማል። ከዚያ በኋላ በፕላኑ ላይ አንዲት መስመር ለማንቀሳቀስ ዶዘር ያስፈልጋል። የእኔ ሥራ የንድፍ ሠራተኝነት ነው፤ ናይሮቢ ያስባል፣ እኔ ሜትር እይዛለሁ።

ማክሰኞ

ቦካዮ ቢሮ ድረስ መጣች። የታላሶ ታላቅ እህት ናት። ታላሶ ሚስቴ ነበረች። («ነበረች» የሚለውን ቃል እጄ እስካሁን አልለመደውም።) በእነሱ ልማድ ማክሰኞ የተወለደች ሴት ታላሶ ትባላለች። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ስሟን ይዞ ይመጣል፣ እኔም ለቀኑ መንገድ እለቅለታለሁ።

ፕላኑ ገና ምስጢር ነው። ሞያሌ ውስጥ ምስጢር ማለት ከምሳ በፊት ያልተሰማ ነገር ነው።

«ፉንዲ፣» አለችኝ፤ ባለሙያ ማለቷ ነው፣ እዚህ መዶሻ የያዘ ሁሉ ፉንዲ ነው። «ጀርባችሁን ልትሰጡን ነው አሉ።»

የቦካዮ አማርኛ አንቱታ የለውም። እኔንም ኃላፊውንም በአንድ «አንተ» ታስተካክለናለች።

«ማማ ቦካዮ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

«አልቀመጥም። የምቀመጥበትን ልታፈርሰው አይደለም? ቦታውን ማነው የለካው?»

«ቢሮው ነዋ።»

«ቢሮ እግር አለው?»

ፕላኑን መጠቅለል ጀመርኩ።

«አርባ ሴት። አርባ ጀሪካን። ከጎልቦ፣ ከጎዶማ በሞተር የሚመጣ ወተት። የለካው ሰውዬ ዕውር ነው?»

ዕውር ነው አልኳት። እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘኝም። ስትወጣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ወተት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ከፈትኩት። ጭስ ጭስ ይላል፤ ታላሶም በረንዳው ላይ ለምትሸጠው ወተት ዕቃውን የምታጥነው እንዲሁ ነበር። መልሼ ዘጋሁት።

ረቡዕ

ማህደሩን አወጣሁ። የቦታ ጥናት ቅጹ አለ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፦

የጉብኝት ቀን፦ ዓርብ።
ሰዓት፦ ሰባት ተኩል።
የእግረኛ ብዛት፦ ሁለት። (ከሁለቱ አንዱ እኔ ሳልሆን አልቀርም።)
የንግድ እንቅስቃሴ፦ የለም።
የቦታው ድባብ፦ ጸጥ ያለ።
ፊርማ፦ የእኔው፣ ከነጅራቱ።

ዓርብ በሰባት ተኩል። ሞያሌ ውስጥ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ በዚያ ሰዓት ከተማው መስጊድ እንደሆነ ያውቃል። ሱቁ ዝግ ነው፣ ወተቱም ተሽጦ አልቋል፣ ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ተኝቷል። ከናይሮቢ የመጡት ሁለት ለኪዎች ይህን አላወቁም፤ ለመመለስ ቸኩለው ነበር። የማውቀው እኔ ነበርኩ። «የሰኞ ጠዋቱን ሳታዩ አትሂዱ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። የሜትሩን ጫፍ ይዤ ቆምኩላቸው። ታላሶ ከተቀበረች አምስተኛ ቀኗ ነበር።

አንደኛው ለኪ «ድባቡን እንዴት ትገልጸዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጸጥ ያለ ነው አልኩት። አልዋሸሁም፤ ያን ሳምንት ለእኔ ሁሉም ነገር ጸጥ ያለ ነበር። ግን የነገርኩት የቤቴን ድባብ ነበር። ሰውየው የከተማ ነው ብሎ ወሰደው።

ዛሬ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ነበርኩ። በአራት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። እስከ ዛሬ ቢሮ የምሄደው በኋላ መንገድ፣ በቆዳ መጋዘኑ በኩል ዞሬ ነበር፤ ሽታውን ታግሼ። ዛሬ ኖራ ይዤ ሄድኩና የጥላውን ጫፍ በየሰዓቱ መሬት ላይ አሰመርኩ።

ሁለት ሰዓት፦ ጥላው መንገዱን ይነካል። ሞተሮቹ ወተት ያራግፋሉ።
ሦስት ሰዓት፦ ከግድግዳው ስድስት እርምጃ። አርባ ሦስት ሴቶች፣ ገዢው ደግሞ ከቁጥር በላይ።
አራት ሰዓት፦ አራት እርምጃ የማይሞላ።
አምስት ሰዓት፦ ሁለት። ሁሉም ወደ በረንዳው ጣሪያ ሥር ተሰብስቧል። ከምሥራቅ የሚነሳውን አቧራ ሕንፃው በጀርባው ይመልሰዋል።

አሁን አዲሱን ፕላን እዚህ ላይ አምጥቼ ላስቀምጠው። በረንዳ የለውም። አጥሩ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ የሕንፃው ጥላ በሙሉ፣ አንድ ክንድ ሳይጎድል፣ አጥሩ ውስጥ ይቀራል፤ ለሣሩ። ሰው ከአጥሩ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሣር ጥላ ሥር ሲያርፍ ያያል። በግብር ከፋዩ ገንዘብ ለሣር በረንዳ የሚሠራ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ሾፌር፣ ከአዳማ የመጣ፣ ወረቀቱን ሦስት ቀን የጠበቀ፣ ተጋድሞ ያየኛል።

«ጋሼ፣ ጥላ መለካት እዚህ አገር ደመወዝ አለው?»

«አለው።»

«እኔ ሦስት ቀን በነፃ ስሠራ ከረምኩ በለኛ።»

የኖራውን መስመር እያሰመርኩ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው ተቀምጠዋል፤ ለጀሪካን ማስቀመጫ ስንዝር ቦታ የሚጣሉ ሴቶች ናቸው። ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነው። ተጠርጓል። አራት ወር ሙሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ተቀመጡም፣ አትቀመጡም ያላቸው የለም።

ቦካዮ ከጀርባዬ መጣች።

«ትለካለህ ወይስ ታለቅሳለህ? አንዱን አድርግ፣ ጥላው ይሄድብሃል።»

የለካው ሰውዬ እኔ ነኝ አልኳት። አውቃለሁ አለችኝ። ከማክሰኞ በፊትም ታውቅ ነበር።

ሐሙስ

ዋንጂሩ ደረሰች። ወጣት ናት፣ ትሑት፣ የመንገዱ አቧራ ቅንድቧ ላይ እንዳለ። ወደ ቢሮ አላስገባኋትም፤ ልክ በሦስት ሰዓት በረንዳው ፊት አቆምኳት። ከሌሊት ጀምሮ ያዘጋጀኋቸው ውሸቶች ሦስት ነበሩ። የለኪዎቹ ጥፋት ነው። የቅጹ ጥፋት ነው። ገበያው የተጀመረው በቅርብ ነው። ሦስተኛው ይበልጥ ያምር ነበር።

«ዛሬ ምን በዓል አለ?» አለችኝ ሰዉን አይታ።

«ዛሬ ሐሙስ አለ።»

ቅጹን ሰጠኋት። አነበበች፣ ሰዉን አየች፣ እንደገና አነበበች።

«አቶ ፋንታ፣ እኛ እኮ ጠቅላላውን ሐሳብ የሠራነው በእርስዎ አንድ ቃል ላይ ነው። ጸጥታው፣ ገንዳው፣ አጥሩ። ጸጥታውን እንዳንረብሽ ነበር በሩን ወደኋላ ያዞርነው።»

እንዲህ በሥነ ሥርዓት፣ በሙሉ ልብ ያደመጠኝ ሰው በሕይወቴ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድ ቃል ተናገርኩ፣ ሕንፃ አወጡለት።

ውሸቶቹ ከአፌ አልወጡም። ያን ሳምንት ሚስቴን፣ እዚሁ ወተት ትሸጥ የነበረችውን፣ ቀብሬ ነበር አልኳት። «ፖሌ ሳና» አለችኝ፣ በስዋሂሊ አዝናለሁ ማለት ነው። ብዙ ሳትቆይ «ባለቤትዎ የት ነበር የሚቀመጡት?» አለች። በጣቴ አሳየኋት። ሄዳ ከባዶው ቦታ ጎን፣ ሳትነካው፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አልነገራትም። በዚህች ሴት ልጅ ላይ ላሾፍ ያጠራቀምኩት ሁሉ በዚያው ከሰረ።

ቦካዮ ወተት ቀዳችላት።

«ጭስ ይላል» አለች ዋንጂሩ።

«ከተማሽም ጭስ ይላል፣ ትኖሪበት የለም? ጠጪ።»

ጠጣች። እስከ አምስት ሰዓት ተቀመጠች። ጥላው ሲያጥር፣ ሴቶቹ አብረው ወደ ግድግዳው ሲሳቡ፣ እሷም አብራ ተሳበች። ወረቀት ላይ ምንም አልጻፈችም።

ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። አሮጌውን ማዳን አትችልም። መሠረቱ ተሰንጥቋል፣ ማፍረሱም ቀድሞ ተፈርሟል። አዲሱን ግን ለማዞር ትሞክራለች። የጥላ ልኬቱን እፈልጋለሁ አለች። ሌላም፦ የመጀመሪያው ቅጽ ስህተት እንደነበረና የሞላሁትም እኔ እንደሆንኩ ጽፌ መፈረም አለብኝ። ያለዚያ ናይሮቢ አይሰማትም።

«ሥራዎን ሊያስከፍልዎ ይችላል» አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታይ።

ፈረምኩ። ከነጅራቱ።

ዓርብ

ኃላፊው ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«አራት ወር ሙሉ ተኝተህ ነበር?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

እውነት ስለሆነ ክርክር አልተነሳም። ፊርማው ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል። ስለ እኔ ጉዳይ ደብዳቤ ይደርስሃል ተብያለሁ።

በሰባት ተኩል ወደ አደባባዩ ወጣሁ። ባዶ ነው። እግረኛ፦ አንድ ፍየል እና እኔ። በረንዳው ደረጃ ላይ ቆሜ ከመስጊዱ የሚመጣውን ድምፅ ሰማሁ፤ ያን ዕለትም ነበረ ማለት ነው፣ እኔ አልሰማሁትም እንጂ።

ማታ እራት አልበላሁም። ለማንም አይጠቅምም፣ ግን ተጽፎ ይቀመጥ።

ቅዳሜ

ዋንጂሩ ጠዋት ከመሄዷ በፊት ረቂቁን ትታልኝ ሄደች። በሩ ወደ መንገዱ ዞሯል። አጥሩ የለም። ገንዳው የቧንቧ ውሃ ሆኗል፤ ጥሞናው ቀርቷል። በረንዳው ከአሮጌው ይሰፋል፣ ምሰሶውም እንደ ድሮው ሰባት ነው። ይጽደቅ አይጽደቅ አታውቅም። የፊት ገጽታውን በእጄ እንድሥልላት ጠየቀችኝ። «ሰዎቹንም እርስዎ ይሣሏቸው» አለች።

ሕንፃ ሥዕል ላይ ሰው የሚገባው ለቁመት ማሳያ ነው፤ በሩ ስንት ክንድ እንደሆነ በሰው እንዲለካ። ፈረንጇን ከነውሻዋ በተገቢው ክብር አሰናበትኳት። በምትኳ ሴቶችን አስቀመጥኩ፣ ጀሪካን፣ ሞተር፣ የተጋደመ ሾፌር። ሦስተኛው ምሰሶ ሥር አንዲት ሴት ሣልኩ። እጄ ነው የሣላት፣ እኔ አላዘዝኩትም።

ሥዕሉን ይዤ ወደ በረንዳው ሄድኩ። ቦካዮ ወረቀቱን አራቅ፣ ቀረብ አድርጋ አየችው።

«ይቺ ማናት?»

«የቁመት ማሳያ ናት።»

«ታላሶ እንዲህ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ታውቃለች? ወታደር አደረግካት። ግራ ትከሻዋን ለምሰሶው ትሰጣለች። እጇ የጀሪካኑ ክዳን ላይ ነው፣ ዝንብ ትጠላ ነበር።»

አጠፋሁና ደግሜ ሣልኩ። ሌሎቹም መጡ። አንዷ አንድ እግሯን ከጫማዋ ታወጣ ነበር አለች። ሌላዋ አገጯን ቀና አድርገው፣ ሁልጊዜ የምትስቀው ገዢው ገና ሳይደርስ ነው አለች። ይህን አላውቅም ነበር። ሃያ ዓመት አብሬያት ኖሬ ጠዋት ጠዋት እዚህ ምን እንደምትመስል አላውቅም ነበር። እኔ የማውቃት ባዶ ጀሪካን ይዛ ስትመለስ ነው። ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ወረቀቱ ሳሳ።

ጥላው ትቶኝ ሄዷል። አናቴ ላይ ፀሐይ እንዳለ ያወቅሁት ቦካዮ እጅጌዬን ስትጎትተኝ ነው።

«ፉንዲ፣ እዚህ ግባ፣ ትታመማለህ።»

ያሳየችኝ ባዶውን ቦታ ነው። ሴቶቹን አየሁ። ጀሪካናቸውን ትንሽ ትንሽ ገፉ። ተቀመጥኩ። ድንጋዩ መሃሉ ጎድጉዷል፤ በስንት ጠዋት እንደሆነ ቢሮው ሜትር የለውም። ቦካዮ በኩባያ ወተት ሰጠችኝ፣ ጠጣሁት።

ደብዳቤው ሰኞ ይደርስ ይሆናል። አዲሱ በረንዳ ይሠራ ይሆናል፣ ላይሠራም ይችላል። ይሄኛው ግን ይፈርሳል፣ ድንጋዩም አብሮ ይነሳል።

ሥዕሉን እስከ ስድስት ሰዓት ጨረስነው። ትከሻዋ፣ እጇ፣ እግሯ፣ አገጯ፣ ሁሉም ጸድቋል። በሻሿ አስተሳሰር ላይ ግን እኔና ቦካዮ እስካሁን አልተስማማንም።